ስለ ባለጸጎች ግብር

ግብር የሚለው ቃል በአገራችን ቋንቋ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሕዝብ ለመንግሥት የሚያገባው ገንዘብ ወይም እህል ነው። ሁለተኛው ንጉሥ ወይም መኰንን ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ግብዣ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ነገር በአንድ ስም መጥራታቸው በከንቱ አይደለም፤ ከባላገሩ ጎተራ የወጣው እህልና ከቀፎው የተቈረጠው ማር በግብር አዳራሽ በኩል ለብዙ ሰው ይመለስ ነበረና። ብዙ ያለው ሰው ብዙ ማብላት ይገባው ነበረ፤ ጌትነቱም የሚታወቀው በዚሁ ነበረ። እርግጥ ነው፤ አበላሉ በማዕርግ ስለ ነበረ ምርጡ ብልት ለታላቁ ደርሶ የተረፈው ለታናሹ ይሆን ነበረ፤ ያንን ዘመን ለመናፈቅ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ዛሬ ግን ግብሩ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት፥ መንገድና የውሃ ቧንቧ ሆኖ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ የናጠጡት ባለጸጎች ከሌላው ሰው አብልጠው ሊከፍሉ ይገባልን? ብሎ መጠየቅ የሁሉ ሰው ጉዳይ ሆኖአል።

አስቀድሞ አሁን ያለውን ሕግ እንይ። በ2017 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር ያለውን ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጎ፥ ከዚያ በላይ ያለውን በየደረጃው ከመቶ 15 ጀምሮ እስከ ከመቶ 35 ያስከፍላል። ቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ሕግ ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበረና ማሻሻሉ ለትንሹ ደመወዝተኛ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የመሰላሉን ጫፍ የተመለከተ ሰው ይገረማል። የመጨረሻው ደረጃ የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተደረገው የደመወዝ ጭማሪ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ወደ መንግሥት ሥራ የሚገባ ወጣት መነሻው 11,500 ብር ሆኖአል። እንግዲህ ይህ ወጣት ገና ሥራ በጀመረበት ወር ከስድስቱ ደረጃዎች በአምስተኛው ላይ ቆሞ 2,100 ብር ይቈረጥበታል። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ዕድገት ያገኘ እንደ ሆነ ከመሰላሉ ራስ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። በወር 15 ሺህ ብር የሚያገኘውና 15 ሚሊዮን ብር የሚያገኘው በመጨረሻዪቱ ብር ላይ የሚከፍሉት እኩል ከመቶ 35 ነው።

ይህም ሕጉ በትክክል የተፈጸመ እንደ ሆነ ነው። የደመወዝተኛው ግብር ገንዘቡ ከእጁ ሳይደርስ በአሠሪው እየተቈረጠ ለመንግሥት ስለሚገባ የሚሸሸግበት ጓዳ የለውም። ከተቀረው ደመወዙ ጫማ ወይም ሳሙና ሲገዛ ደግሞ ከመቶ 15 ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ ይህ ታክስ ድኻውንም ሀብታሙንም በአንድ ሚዛን የሚመዝን ነው። የባለጸጋው ሀብት ግን በወር ደመወዝ መልክ አይመጣም። በፎቅ ቤት፥ በቦታ፥ በአክሲዮን፥ በሸቀጥ መልክ ተቀምጦ ዓመት በዓመት ዋጋው ይጨምራል፤ እስኪሸጥም ድረስ ገቢ ተብሎ አይቈጠርም። የቤት ኪራይ እንኳ በውሉ ላይ የሚጻፈው ሌላ፥ በእጅ የሚሰጠው ሌላ መሆኑን ቤት የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ በሀብቱ ስሙ የታወቀው ዋረን ባፌት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በጋዜጣ በጻፈው ቃል፥ እርሱ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ከመቶ 17.4 ሲከፍል በቢሮው ያሉት ሌሎቹ 20 ሰዎች ግን በአማካይ ከመቶ 36 እንደ ከፈሉ ገልጦአል። ምክንያቱም የእርሱ ገንዘብ የሚገኘው ከደመወዝ ሳይሆን ከመዋዕለ ንዋይ ስለ ሆነ ነው። በ2024ም ብራዚል የቡድን ሃያ አገሮችን በመራችበት ዓመት ገብርኤል ዙክማን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ሀብታቸው ከቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ቢያንስ ከሀብታቸው ከመቶ 2 እንዲከፍሉ ሐሳብ አቅርቦአል። መንግሥታቱ በዚያ ዓመት ባለጸጎችን ስለ ማስከፈል ተባብረው ለመሥራት ቃል ቢገቡም ሐሳቡን ወደ ሥራ አላገቡትም።

ለእኛ ግን ከሩቅ አገር ይልቅ የራሳችን ታሪክ የበለጠ ያስተምረናል። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ግብር ሕግ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ወሰነ። ከቀድሞው የተበታተነ አገባብ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበረ። ሆኖም ሕጉ መሬቱን አየ እንጂ ባለቤቱን አላየም። አንድ ጋሻ ያለውም መቶ ጋሻ ያለውም ለእያንዳንዱ ጋሻ እኩል ይከፍል ነበረ። መሬቱ ለም ወይም ጠፍ የሚባለው በሰው ግምት ስለ ነበረ፥ ትልቁ ባለ ርስት ለሙን መሬት ጠፍ የሚያሰኝበት ዘዴ አላጣም። ጭሰኛ በሚያርሰው አገር ደግሞ ዐሥራቱ ከባለ መሬቱ ትከሻ ወርዶ በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበረ።

ይህን ጉድለት ለማቃናት በ1960 ዓ.ም. ዐሥራትን የሚሽርና እንደ ገቢው መጠን እየጨመረ የሚሄድ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሐሳቡ ቅን ነበረ። በፓርላማው ውስጥ ግን ባለ መሬቶች ብዙዎች ስለ ነበሩ ሕጉ ገና ከምክር ቤት ሳይወጣ ጥርሱ ረገፈ። በጎጃምም ርስቴ ተለክቶ ይወሰድብኛል ብሎ የሠጋው ባላገር በዚያው ዓመት ተነሣ፤ ወታደር ተላከበት፤ በመጨረሻም ውዝፉ ግብር ተሠርዞ ነገሩ በረደ። ታላላቆቹን ባለ መሬቶች ያስከፍላል የተባለው ሕግ፥ ታላላቆቹ ሳይሠጉ የአንድ ጥማድ ባለ ርስቱን አሸበረ ማለት ነው።

ደርግ በበኩሉ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በ1970 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የነጋዴ ትርፍ ከፍተኛው መጣኔ ከመቶ 89 ደረሰ። ከመቶ ብር ትርፉ 11 ብር ብቻ የሚቀርለት ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወይ ንግዱን ያሳንሳል፥ ወይ ሁለት መዝገብ ይይዛል። የባለጸጎች ግብር እንዳይጨመር የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ምሳሌ ሲያነሡ እውነት አላቸው። ሆኖም ከመቶ 89 ጥፋት ስለ ሆነ ከ35 በላይ ያለው ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በመካከሉ ሰፊ ሜዳ አለ። ሥራ ከፍቶ ለብዙ ሰው እንጀራ የሰጠ ነጋዴ በድርጅቱ ውስጥ ለሥራ በሚያውለው ገንዘብ ላይ ሸክም ሳይጨመርበት፥ ለራሱ ከሚያወጣው እጅግ ከፍ ያለ ገቢና ያለ ሥራ ከተቀመጠው ቦታና ቤት የበለጠ ቢከፍል ንግዱ አይጐዳም።

የመንግሥት ገቢ ማነስም የሚካድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከግብር የተሰበሰበው ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም ነበረ። ይህ ጉድለት የሚሞላው ወይ በብድር፥ ወይ የድኻውን ዕቃ በማስወደድ፥ ወይ ካለው ሰው በመውሰድ ነው፤ አራተኛ መንገድ ቢኖር በወደድን።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው መሰላል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ይጨመር፤ የመጀመሪያውም ደረጃ ከመምህሩና ከሐኪሙ ደመወዝ እጅግ ርቆ ይጀምር። የብር ዋጋ በወደቀ ቍጥር የደረጃዎቹ ልክ በየጊዜው እንዲታደስ በሕጉ ይጻፍ፤ አለዚያ ዛሬ ለባለጸጋ የተሠራው ደረጃ ከዐሥር ዓመት በኋላ የጸሓፊው ደረጃ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅ በከተሞች ሲፈጸም፥ ሸክሙ በጡረተኛው የጭቃ ቤት ሳይሆን በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች በተደረደሩት ሕንጻዎች ላይ እንዲያርፍ መጠንቀቅ ይገባል። ለዚህም ግምቱን የሚገምቱት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፥ እያንዳንዱ ሕንጻም በስንት ብር እንደ ተገመተ በየወረዳው ሰሌዳ ተለጥፎ ጎረቤት ሁሉ ሊያነበው ይገባል። በ1934ቱ ሕግ ለሙ መሬት ጠፍ ሲባል የሰማ ጎረቤት ነበረ፤ ቃሉን የሚሰጥበት ቦታ ግን አልነበረውም።