ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌው የጌም ማሻሻያ ለምን አልከፈት ይላል?

በጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ጎዳና ላይ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ማሽከርከር ያማረው የቦንጋ ተማሪ የሚያገኘው ማሻሻያ ፕሮግራም ከላፕቶፑ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የዚያ ዘመን ማሻሻያ መሣሪያዎች የተሠሩት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር።

ፕሮግራሙ እምቢ ሲል የሚወጣውን መልእክት ሳያነቡ አይዝጉት። ዶት ኔት ፍሬምወርክ 3.5 ከጠየቀ፣ ዊንዶውስ 10 ይህን ክፍል አብሮ አይጭነውም፤ ሲያስነሱት ከኢንተርኔት ያወርዳል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ወጪ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ካለ ግን «ሶርስስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ካለው «ኤስኤክስኤስ» ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል።

ሌላው ችግር ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ያለፈቃድ መጻፍ አይቻልም፤ አሮጌ መሣሪያ ደግሞ የጌሙን ፋይል እዚያው መለወጥ ይፈልጋል። ጌሙን ሲ ድራይቭ ላይ በተከፈተ ሌላ ፎልደር መጫን ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ባለ16 ቢት ፕሮግራም ከሆነ ግን ባለ64 ቢት ዊንዶውስ በቀጥታ አያስነሳውም።

«አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚለው ምክር ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞር ለኖረ ፋይል አደገኛ ነው። መሣሪያው ተከፍቶም ሚኒባሱ ካልታየ የጌሙን ቅጂ ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ የሳን አንድሪያስ ማሻሻያዎች የሚሠሩት በ1.0 ቅጂ ላይ ነው።