የበረዶ ዘንግ

የበረዶ ዘንግ ማለት ከግግር በረዶ ውስጥ በመሰርሰሪያ እየተቆረጠ የሚወጣ፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም የበረዶ ናሙና ነው። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ ከሰማይ የሚወርደው ጥጥ መሰል በረዶ (አመዳይ) ሳይቀልጥ በየዓመቱ በላይ በላዩ ይደራረባል፤ ከሥር ያለው ደግሞ በክብደቱ ተጨምቆ ወደ ጠንካራ በረዶ ይለወጣል። ስለዚህ ዘንጉ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ከቅርብ ዘመን ወደ ሩቅ ዘመን ይወስዳል። ቴርሞሜትር ከተሠራ 400 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነው፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የዋልታዎች ሙቀት ለማወቅ ዋናው መንገድ ይህ ነው። ይሁንና በረዶው ሙቀትን በቀጥታ አይጽፍም። የሚጽፈው የውኃውን ክብደት ነው፤ ከክብደቱ ተነስቶ ሙቀቱን ማስላት የተመራማሪው ሥራ ነው።

የውኃው ክብደት

አብዛኛው ኦክስጅን «ኦክስጅን-16» የሚባለው ዓይነት ነው። ከ500 አንዱ ገደማ ግን ሁለት ተጨማሪ ኒውትሮን ስላለው ከበድ ይላል፤ ይህኛው ኦክስጅን-18 ይባላል። ሁለቱም ውኃ ይሆናሉ፣ ጣዕማቸውም መልካቸውም አንድ ነው። ከባዱ ውኃ ግን ለመትነን ይዘገያል፣ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሲመለስ ደግሞ ይቀድማል።

ከሞቃት ባሕር የተነሳ ደመና ወደ ዋልታ ሲጓዝ እየቀዘቀዘ፣ በየመንገዱም እየዘነበ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ዝናብ ከባዱ ውኃ ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ዋልታው ላይ የሚደርሰው እንፋሎት የቀለለ ይሆናል። ቅዝቃዜው በበረታ መጠን ቀድሞ የዘነበው ይበዛል፤ የቀረውም ይበልጥ ይቀልላል። ልዩነቱ የሚለካው ከባሕር ውኃ ጋር በማነጻጸር ሲሆን «በሺህ» ይገለጻል። የባሕር ውኃ ዜሮ ቢባል፣ የመካከለኛው ግሪንላንድ በረዶ ከዜሮ በታች 35 በሺህ ገደማ፣ የአንታርክቲካ መሐል አገር በረዶ ደግሞ ከዜሮ በታች 50 በሺህና ከዚያም በላይ ይወርዳል።

ይህን ግንኙነት ለጥናት ያበቃው የዴንማርኩ ሳይንቲስት ቪሊ ዳንስጎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ በቤቱ አትክልት ቦታ በቢራ ጠርሙስና በማንቆርቆሪያ ጡት የዝናብ ውኃ እያጠራቀመ፣ ዝናቡ በወረደበት ቅዝቃዜ መጠን የኦክስጅን-18 ድርሻ እንደሚለዋወጥ አስተዋለ። በ1954 ደግሞ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ያለፉ ዘመናት ሙቀት ሊነበብ እንደሚችል ጻፈ። ለዚህ የሚሆን ረጅም ዘንግ የተገኘው የአሜሪካ ጦር በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ካምፕ ሴንቸሪ በተባለው ሰፈሩ ውስጥ በ1966 እስከ በረዶው ወለል 1,390 ሜትር ገደማ ከቆፈረ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁፋሮው እየጠለቀ ሄደ። በአንታርክቲካ ቮስቶክ ጣቢያ በ1998 እስከ 3,623 ሜትር ተደርሶ የ420,000 ዓመት ታሪክ ተነበበ። ኤፒካ የተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት ዶም ሲ ላይ ይህን ወደ 800,000 ዓመት አራዘመው። በጥር 2025 ደግሞ ተከታዩ ፕሮጀክት ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በረዶ ማውጣቱን አስታውቋል።

አረፋዎቹ

አመዳዩ ተጨምቆ በረዶ ሲሆን በመካከሉ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ይታሰራል። ይህ አየር በዘመኑ የነበረው ከባቢ አየር ናሙና ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሪየስ ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1965 በአንታርክቲካ፣ ከቁፋሮ የተረፈ በረዶ በውስኪ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ የሚፈነዱትን አረፋዎች ሲመለከት እንደሆነ ተናግሯል። ከአረፋዎቹ እንደታወቀው፣ ባለፉት 800,000 ዓመታት የኢንዱስትሪ ዘመን እስኪመጣ ድረስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ180 እስከ 300 የሚሆኑ ቅንጣቶች በሚሊዮን መካከል ሲዋዥቅ ኖሯል፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። አየሩ የሚታሰረው ከመሬቱ ገጽ ከ50 እስከ 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ አረፋው ሁልጊዜ ከከበበው በረዶ በዕድሜ ያንሳል። ሙቀትና ጋዝ የትኛው ቀደመ የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዕድሜ ልዩነት ነው።

የአዲስ አበባ ዝናብ

የዳንስጎር ሕግ በየትኛውም ቦታ እንደማይሠራ በግልጽ ከሚያሳዩ ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የዝናብ ውኃን አይሶቶፕ የሚከታተል መረብ በ1960 ሲመሠርቱ፣ አዲስ አበባ ቀድመው ከገቡት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ከተማዋ ከባሕር ጠረፍ የራቀች፣ ከባሕር ወለልም በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ናት። በሕጉ መሠረት ከልደታ እስከ እንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ቀላል ውኃ መሆን ነበረበት። የተገኘው ግን ከባሕር ውኃ ብዙም የማይርቅ ክብደት ነው። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ የሚያንሰው ናይሮቢ እንኳ ቀለል ያለ ዝናብ ያገኛል። በበልግ ወራት የሚዘንበው ደግሞ ከክረምቱ ይከብዳል፣ አንዳንዴም ከባሕር ውኃ በላይ ይሆናል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። አንደኛው ማብራሪያ፣ የክረምቱ እርጥበት ከፊሉ የኮንጎ ደን ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ ያተነፈሰው ውኃ ነው የሚል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ከባዱን ከቀላሉ ሳይለይ ውኃውን መልሶ ወደ አየር ይሰጣል። ሌላው፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው እንፋሎት በመንገዱ ብዙ ሳይዘንብ ደጋው ላይ ስለሚደርስ ነው ይላል። የትኛውም ቢያሸንፍ ዋናው ነገር አይለወጥም፤ በአዲስ አበባ የውኃው ክብደት የሚናገረው ስለ ደመናው መነሻና ስለ ዝናቡ ብዛት እንጂ ስለ ሙቀቱ አይደለም። በዋልታ ሙቀት ዋናው ጌታ ስለሆነ ብቻ ነው በረዶው ቴርሞሜትር የሚሆነው።

መለኪያው ሲፈተሽ

ይህ ጥያቄ ዋልታውንም አልማረውም። ለረጅም ጊዜ ክብደትን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ቀመር የተወሰደው ከዛሬው ግሪንላንድ ነበር። በተለያዩ ቦታዎች ያለው ቅዝቃዜና የአመዳዩ ክብደት ይነጻጸርና ያው ምጣኔ በጥንቱም ዘመን እንደሠራ ይታሰባል። በዚህ ስሌት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግሪንላንድ ከዛሬው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዛ ነበር።

በ1990ዎቹ ቀላል የሚመስል ሌላ ዘዴ ተሞከረ፦ ዘንጉ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ቴርሞሜትር ማውረድ። ሙቀት በወፍራም በረዶ ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚተላለፍ፣ የጥንቱ ቅዝቃዜ ፈጽሞ ሳይጠፋ ዛሬም በጥልቁ ይለካል። ውጤቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆነ፤ ከቀድሞው ግምት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት በበረዶ ዘመን በግሪንላንድ ክረምት አመዳይ እምብዛም አለመውረዱ ሳይሆን አይቀርም። በረዶ ባልወረደበት ወር የሚጻፍ መዝገብ ስለሌለ፣ ዘንጉ ይበልጡን የበጋውን ሙቀት ይዞ ቀረ። ዛሬ ቀመሩ በጉድጓዱ ሙቀት፣ በአረፋዎቹ ናይትሮጅን አይሶቶፕና የውኃን ክብደት በሚከታተሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች እየታረመ ይሠራበታል።

በኢትዮጵያ ከበረዶ ይልቅ ደለል

ኢትዮጵያ ዛሬ ግግር በረዶ የላትም፤ ቀድሞ ግን ነበራት። በባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባና ሸለቆዎቹ በረዶ ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይ ክምሮች ይታያሉ። በ2021 የወጣ ጥናት በረዶው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሸፍኖ እንደነበር፣ ሙቀቱም ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ያለ እንደነበር ገምቷል። በአካባቢው በረዶ የተቆፈረው ኪሊማንጃሮ ላይ ነው። የሎኒ ቶምፕሰን ቡድን በ2000 ስድስት ዘንጎች አውጥቶ የታችኛውን በረዶ ዕድሜ 11,700 ዓመት ገደማ አድርጎ ገምቶታል።

የኢትዮጵያ የአየር ንብረት መዝገብ እንግዲህ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከጣና ወለል የወጣው የደለል ዘንግ የሚናገረው ለማመን ይከብዳል። በ2007 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ዛሬም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነው ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ደርቆ ነበር። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የሐይቁ መሐል ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆነ። ውኃው ሲመለስ መውጫ ስላልነበረው ጨው ጨው አለ፤ ይህም ጨው በሚወዱ ደቂቅ አልጌዎች ቅሪት ታውቋል። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። በግሪንላንድ ዘንጎች ላይ ድንገተኛው ሙቀት የሚታየው ከ14,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በአረፋዎቹ ውስጥም በዚያው ጊዜ ረግረግ የሚያመነጨው ሚቴን ከፍ ይላል። የዓባይ መፍሰስና የሰሜን ዋልታ መሞቅ በዕድሜ ልኬት ስሕተት ወሰን ውስጥ ገጠሙ ማለት ነው።

በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የ620,000 ዓመት ደለል ወጥቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በጣና ደለል ውስጥ የቀረውን የቅጠል ሰም መርምሮ፣ በሰሙ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን ክብደት መዝኗል። አጥኚዎቹ ግን ውጤቱን ወደ ዲግሪ አልለወጡትም፤ ያነበቡት የዝናብ ብዛትና የኮንጎ አየር ድንበር ወዴት እንደተገፋ ነው።