ኖይማን የሚባለው ስም ፍችና ታሪክ



ከሮቤና ከጎባ ባሻገር በተዘረጋው የባሌ ደጋ ሣር ላይ አናቷ ቀላ ያለ አንዲት ትንሽ ወፍ ትገኛለች። ሊቃውንት የሚጠሯት በኤርላንገር ስም ነው። ካርሎ ፎን ኤርላንገር በ1900 እና በ1901 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) አገራችንን የዞረ ጀርመናዊ ሲሆን፥ ወፏን በ1906 በስሙ የሰየመለት የጉዞ ጓደኛው ኦስካር ኖይማን ነው።

ኤርላንገር ማለት ኤርላንገን ከተባለው ከተማ የመጣ ማለት ነው። ኖይማን ደግሞ አዲስ ሰው፥ ይኸውም ወደ ሰፈሩ አዲስ የገባ እንግዳ ማለት ነው። ብዙዎቹ የጀርመን አይሁድ ግን ቀድሞ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር። የኦስትሪያ መንግሥት በ1787፥ የፕሩሲያም በ1812 ቋሚ የቤተ ሰብ ስም እንዲይዙ አዘዙ። ስለዚህ ኖይማን በሚለው ስም ክርስቲያኑም አይሁዳዊውም ይጠራበታል፤ ስሙ ብቻውን ወገንን አይለይም።

የናዚ መንግሥት በ1938 ባወጣው ደንብ፥ አይሁዳዊነቱ ከመጠሪያ ስሙ የማይታወቅ ወንድ «እስራኤል»፥ ሴትም «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ አስገደደ። በመዝገብ ላይ የተጨመረች አንዲት ቃል ሰውን ለአደጋ የምታጋልጥ ምልክት ሆነች። አይሁዳዊው ኦስካር ኖይማንም በሽምግልናው ወደ ኩባ፥ ከዚያም ወደ ቺካጎ ተሰደደ፤ በ1946 በዚያው ዐረፈ። የስሙ ፍች በሰው አገር ደረሰበት።

ስም ሰው የሚጠራበት እንጂ የሚጠቃበት እንዳይሆን መጠበቅ መዝገብ የያዘ ሁሉ አደራ ነው።