አስታራቂ መሆን ምን ማለት ነው?



በቦኖው ዘንድ በየማለዳው የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ውሃው የሚለቀቀው ግን ለተወሰነ ሰዓት ነው። አንዲት ልጅ ለጥቂት ጊዜ ሄድ ብላ ስትመለስ ጀሪካኗን ከሰልፉ ወጥቶ ታገኘዋለች። "ማን አነሳው?" ትላለች። ስድብ ይከተላል፤ ከስድቡም ግፊያ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ "የእነ እገሌ ወገን የእኛን ልጅ ደበደበ" የሚል ወሬ በየሰፈሩ ይዳረሳል። ሲመሽ ወጣቶች ዱላ ይዘው ይወጣሉ። የአንድ ጀሪካን ነገር የሁለት ሕዝብ ጠብ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ክርስቲያን የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል? ብዙዎቻችን "እኔ ሰላም እወዳለሁ፤ በሰው ጠብ አልገባም" ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ (ማቴ. 5፥9) ብፁዓን ያላቸው ሰላምን የሚወዱትን ብቻ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈውን ቃል አስተውሉ፤ "የሚያስተራርቁ" ይላል። ከጠብ መራቅ ራስን ይጠብቃል። ማስታረቅ ግን ሥራ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ያደክማል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሁለቱም ወገን ያሰድባል። እንዲህ የሚያደርጉት የእግዚአብሔር ልጆች እንደሚባሉ የተነገረላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እግዚአብሔር ከሰው ጋር የታረቀው የበደለው ሰው እስኪመጣ ተቀምጦ በመጠበቅ ሳይሆን እርሱ ራሱ ቀድሞ በመምጣት ነውና።

መጀመሪያ የራስን ጠብ

በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 23 እና 24 ላይ ጌታችን አንድ ከባድ ትእዛዝ ሰጥቷል። መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ በእርሱ ማዘኑን ቢያስታውስ፣ መባውን እዚያው ትቶ በመጀመሪያ እንዲታረቅ ያዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተቀየመው ሌላው ሲሆን እንኳ ተነሥቶ የሚሄደው እኛ ነን። አባቶቻችንም "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ያሉት ይህንኑ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከቁርባን በፊት ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው።

አካሄዱንም ጌታችን አስተምሮናል (ማቴ. 18፥15-17)። የበደለህን ሰው በመጀመሪያ ለብቻው አነጋግረው፤ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር፤ ከዚያ በኋላ ለጉባኤው ንገር ይላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ለሰፈሩ ሁሉ እናወራለን፤ ባለቤቱ የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

ከቅርባችን የተገኘ ምሳሌ

እዚህ ካኩማ ከእኛ ጋር የሚኖሩት የዲንካና የኑዌር ሰዎች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩን ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት ከተከፈለ በኋላ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። ከብት ተዘረፈ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በጁን 1998 የአዲሱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የሁለቱን ወገን አለቆች ከእኛ ብዙም በማትርቀው በሎኪቾጊዮ አገናኘ። ከዚያም አለቆቹ አንዱ ወደ ሌላው አገር በእንግድነት ሄዱ። ደም ወደ ተቃባችሁት ሰው መንደር መሄድ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት!

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪና በማርች 1999 በባሕር ኤል ጋዛል በምትገኘው በዉንሊት ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ነጭ ወይፈን ታርዶ ቃል ኪዳን ተገባ። እያንዳንዱ ወገን የደረሰበትን በደል ተናገረ፤ ሌላውም ቁጭ ብሎ አዳመጠ። በመጨረሻም ያለፈውን ይቅር ለመባባል፣ የተማረኩትን ለመመለስና በግጦሹ አብረው ለመጠቀም ተስማሙ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ግን ሁለቱ ሕዝቦች እንደገና ደም ተፋሰሱ። ታዲያ የዉንሊቱ ድካም ከንቱ ነበርን? አልነበረም። በዚያ እርቅ ምክንያት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሕፃን፣ ሳይገደል የቀረ እረኛ አለ። ነገር ግን እርቅ እንደ ሣር ቤት ነው፤ ክዳኑ ካልታደሰ ያፈሳል።

እርቅና መሸፋፈን

በአገራችንም ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ "ማሩኝ" ሲል፣ ካህን መስቀል ይዞ በመካከል ሲቆም ያያችሁ ወላጆች ትኖራላችሁ። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም እርቅ ማለት በደልን መሸፋፈን አይደለም። ሴት ልጅ ብትደፈር ወይም ሰው በዱላ ቢቆስል "በሽምግልና እንጨርሰው፤ ዝም በሉ" ማለት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለፖሊስና ለስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መነገር አለበት። የተበደለችውንም "ይቅር በዪ" ብሎ ማስገደድ ሌላ በደል መጨመር ነው።

ነገ በቦኖው ዘንድ

1ኛ. ወሬውን አታሳልፉ። "ማን አየ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

2ኛ. ጠቡን በልኩ ያዙት። ጠቡ የጀሪካን ከሆነ ስለ ጀሪካን ብቻ ይነገር፤ የማንም ወገን ስም አይጠራ።

3ኛ. ሁለቱንም ለየብቻ ስሙ። አንዱን ብቻ የሰማ ፈራጅ ይሆናል እንጂ አስታራቂ አይሆንም።

4ኛ. ዱላ ከተነሣ ልጆች በመካከል አትግቡ። ሮጣችሁ መምህር ወይም የሰፈር ሽማግሌ ጥሩ። ይህም ማስታረቅ ነው።

ለእናንተ ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ቂም አለ። ማታ እራት ላይ ስለ ሌላው ወገን የምንናገረውን ልጆቻችን ጠዋት ከጀሪካኑ ጋር ይዘውት ወደ ሰልፉ ይሄዳሉ። ልጆቻችን አስታራቂዎች እንዲሆኑ ከፈለግን መጀመሪያ ከእኛ አፍ የእርቅ ቃል ይስሙ።

ለመወያያ

ሀ. ዘፍጥረት 26፥17-31 አንብቡ። ይስሐቅ በውሃ ጉድጓዶቹ ምክንያት ጠብ ሲነሣ ምን አደረገ? በመጨረሻስ ምን አገኘ?

ለ. ከጠብ በመራቅና በማስታረቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ሐ. ዛሬ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ልታነጋግሩት የሚገባችሁ ሰው አለን? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት፤ ከዚያም ሂዱ።