የመንገደኛ እግር

ልጆች፣ ዛሬ ስለ እግራችን እንማራለን።

የጋፋት ልጆች ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ 6 ወር ያህል ፈጅቷል። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል፤ የጎተቱትን ሰዎች እግር ግን ማን አስታወሰ?

ዛሬም ለልደት በዓል በጋይንት አድርገው ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱ አሉ። ሲደርሱ የአገሩ ሰዎች እግራቸውን ያጥቧቸዋል። ይህ እንግዳን ማክበር ነው፤ ደግሞም የታጠበ እግር ቁስሉ ቶሎ ይታያል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ረጅም መንገድ ሄጄ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። በእሾህ ወጋሁት። በሦስተኛው ቀን መግል ያዘ፤ ሁለት ሳምንት አነከስሁ። ለካስ ያ ቆዳ የቁስሉ ክዳን ኖሯል! እናንተ አታፍርጡት። በውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ራሱ ቢፈርጥም ቆዳውን አትላጡት።

እሾህ ወይም ሚስማር ቢወጋችሁ አፈር ወይም እበት አታድርጉበት። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ጀርም የሚኖረው በእነዚሁ ውስጥ ነው። ቁስሉን እጠቡና ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ጥልቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይውሰዷችሁ፤ ክትባት አለው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገራችሁ። እግሩ በጣም ያበጠ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ሕመሙ ዝሆኔ ይባላል። አንዱ ዓይነት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ አገር፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል። በዓይን የማይታይ የአፈር ደቃቅ በቆዳ ገብቶ በውስጥ ያሉትን የፈሳሽ መተላለፊያዎች ይጎዳል፤ እግርም ያብጣል። እርግማን አይደለም። ይህ ዓይነቱ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥን የሚሸሽ ልጅ ባይ በጣም አዝናለሁ። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። ገና ሲጀምር ከታወቀ እብጠቱ በዚሁ ሊቀንስ ይችላል።

«በባዶ እግር መሄድ ጽድቅ አይደለም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ልጄ፣ ጫማችንን የምናወልቀው ቤተ መቅደስ ስንገባ ነው። ስእለት ያለበት ትልቅ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ እናንተ ግን ኮንጎም ቢሆን ተጫምታችሁ ሂዱ። ኮንጎ እግርን ያልባልና ማታ አውልቃችሁ ታጠቡ፤ በጣቶቻችሁ መካከል ማድረቅም እንዳትረሱ።