የኮከብ ተጫዋች ዋጋ በደመወዝ ጣሪያ ሥር

በበረዶ ላይ የሚደረገው የሆኪ ጨዋታ ለአገራችን ወጣቶች እንግዳ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው፣ አንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር የጎማ ክብ በተቃራኒው ጎል ለማግባት በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ከስድስቱም አንዱ በረኛ ነው። ስለ ጨዋታው ይህን ያህል ማወቅ ለዛሬ ይበቃል፤ ልናወሳው ያሰብነው ከሜዳው ይልቅ በቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሒሳብ ነውና። በጀት ተሰጥቶት «በዚህ ውስጥ ጨርስ» የተባለ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ችግሩን ብዙ ሳይነግሩት ይረዳዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የአሜሪካና የካናዳ ታላላቅ ክለቦች የሚወዳደሩበት ማኅበር ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ይባላል። በሴፕቴምበር 2004 የክለቦቹ ባለቤቶችና የተጫዋቾቹ ማኅበር በደመወዝ ነገር ሳይስማሙ ስለ ቀሩ ባለቤቶቹ የመጫወቻውን በር ዘጉ። ድርድሩ እየተጓተተ ወራት አለፉ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2005 የሊጉ የበላይ ኃላፊ ጌሪ ቤትማን የዓመቱ ውድድር በሙሉ የተሰረዘ መሆኑን አስታወቁ። በዚያ ዓመት የስታንሊ ዋንጫ የሚሰጠው ሻምፒዮን አልተገኘም። በመጨረሻም ተጫዋቾቹ ከደመወዛቸው ላይ ከመቶ 24 እጅ ተቀንሶ፣ ቡድኖቹም በዓመት ለተጫዋች ሊያወጡት የሚችሉት ገንዘብ በ39 ሚሊዮን ዶላር ተወስኖ ጨዋታው ተጀመረ። የደመወዝ ጣሪያ የሚሉት ይህ ነው። ከገቢው ጋር እያደገ ሄዶ ለ2025–26 የውድድር ዘመን 95.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህም ላይ አንድ ሰው ብቻውን ከመቶ 20 እጅ በላይ ሊወስድ አይፈቀድለትም።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ኮከቡ ደመወዝ ሲጨመርለት ሰው ሁሉ ገንዘቡ ከባለጠጋው የክለብ ባለቤት ኪስ የወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በ2013 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ተጫዋቾቹ በጠቅላላው የሚደርሳቸው የሊጉ ገቢ እኩሌታ ነው። ከየተጫዋቹ ደመወዝ ላይ የተወሰነ ገንዘብ በአደራ ይያዛል፤ ዓመቱ ሲዘጋ የደመወዙ ድምር ከእኩሌታው በልጦ ከተገኘ ትርፉ ለባለቤቶቹ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ ሲጨመርለት የሚጎድለው የሌላው ተጫዋች ድርሻ ነው። በቅርጫ ሥጋ አንዱ መደብ ሲከብድ ሌላው መቅለሉ አይቀርም፤ በሬው አንድ ነውና። በቡድን ውስጥማ ነገሩ ይብስ ይታያል፤ ጣሪያው የደረሰ ቡድን ለኮከቡ የሚጨምረውን ገንዘብ የሚያገኘው ሌላ ሰው በማሰናበት ብቻ ነው።

የቺካጎ ብላክሆክስ ቡድን ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ይመስለናል። ይህ ቡድን 49 ዓመት ያለ ዋንጫ ከቆየ በኋላ ጁን 9 ቀን 2010 ፊላዴልፊያን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ምሰሶዎቹ የ22 ዓመቱ ጆናታን ቴቭስና የ21 ዓመቱ ፓትሪክ ኬን ነበሩ። አዲስ ገቢ ተጫዋች በመጀመሪያ ውሉ የሚከፈለው መደበኛ ደመወዝ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ፣ እነዚህ ሁለቱ እስከዚያ ቀን ድረስ በርካሽ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ሆኖም በዲሴምበር 2009 እያንዳንዳቸው በዓመት 6.3 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸውን አዲስ ውል ፈርመው ነበር፤ ውሉም የሚጸናው ከዋንጫው ማግሥት ጀምሮ ነው። በዚያ ላይ ቡድኑ በድሉ ምክንያት ለወጣቶቹ የከፈለው ጉርሻ ጣሪያውን ስላለፈ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዕዳ ወደሚመጣው ዓመት ተላለፈበት።

የደስታው ሰልፍ ካለፈ ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በማጣሪያው 11 ጎል ያገባው ደስቲን በፍሊን ወደ አትላንታ ተሸኘ። ክሪስ ቨርስቲግ ወደ ቶሮንቶ፣ አንድሩ ላድም ወደ አትላንታ ተከተሉት። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የተንኮል ጥበብ የታየበት ነው። የሳን ሆዜ ቡድን ኒክላስ ያልማርሶን ለተባለው የቺካጎ ወጣት ተከላካይ የ4 ዓመት፣ የ14 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት። በሊጉ ሕግ የቀድሞው ቡድን በ7 ቀን ውስጥ ያንኑ ያህል ካልከፈለ ልጁን ያጣል። ቺካጎ ከፈለ። ነገር ግን ዋንጫውን ያስገኘው በረኛ አንቲ ኒየሚ ደመወዙን በግልግል ዳኛ አስወስኖ 2.75 ሚሊዮን ዶላር ሲፈረድለት ለእሱ የሚሆን ገንዘብ አልተረፈም፤ ተሰናበተ። የቀጠረውም ያው ሳን ሆዜ ነው! በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ ወደቀ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «ቡድኑ ተበተነ» አሉ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ቡድኑ ቴቭስን፣ ኬንን፣ ተከላካዩን ደንከን ኪትን ጠብቆ በማቆየቱ በ2013 እና በ2015 እንደ ገና ዋንጫ አንሥቷል። መጥፋት የሌለባቸውን ሰዎች ለይቶ ማወቅ፣ የቀሩትንም እያዘኑ መሸኘት፤ ሥራው ይኸው ነበር።

ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። በጁላይ 2014 ሁለቱ ኮከቦች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ውል ፈረሙ፤ ለ8 ዓመት 84 ሚሊዮን፣ ማለት በዓመት 10.5 ሚሊዮን ዶላር ለያንዳንዳቸው። ሥራ አስኪያጁ ስታን ቦውማን በዚያን ጊዜ ጣሪያው በፍጥነት ከፍ ይላል የሚል ተስፋ በሊጉ ሁሉ ነበር። ነገር ግን የካናዳ ዶላር ረከሰ። ሰባት የካናዳ ቡድኖች ከተመልካች የሚሰበስቡት በካናዳ ገንዘብ ስለ ሆነ የሊጉ ገቢ በአሜሪካ ዶላር ሲሰላ ቀነሰ፤ ለ2015–16 የተወሰነውም ጣሪያ 71.4 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ሁለት ሰዎች 21 ሚሊዮን፣ ማለት ከመቶ 29 እጅ ያህሉን ሲወስዱ፣ ለቀሩት ሃያ አንድ ሰዎች የሚዳረሰው ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያስላው። የምንዛሪ ነገር የሆኪ በረኛን እንጀራ ይነካል ብሎ ማን ያስባል!

በዚህ ጊዜ ነው የብራያን ቢክል ነገር የሚመጣው። ቢክል ኮከብ አልነበረም፤ ግዙፍና ታታሪ አጥቂ ነበር። በ2013 ማጣሪያ 9 ጎል አገባ፤ ከነዚህም አንዱ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ቦስተንን ያስተካከለበት ነው። ቡድኑም በዚያው ሰሞን የ4 ዓመት፣ የ16 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እየደከመ ሄደ፤ ወደ ታችኛው ሊግም ተላከ። በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያስቈጥር ሰው ማንም በነፃ አይወስድምና፣ በጁን 2016 ቺካጎ ቢክልን ለካሮላይና ሲሰጥ መመረቂያ እንዲሆን ተውቮ ተራቫይነን የሚባለውን የ21 ዓመት ባለ ተስፋ አጥቂ ጨመረበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የቢክል ድካም ምክንያት ታወቀ፤ ሐኪሞች የነርቭ በሽታ የሆነውን መልቲፕል ስክለሮሲስ አገኙበት። ዕድሜው 30 ነበር። ታክሞ ተመለሰና በኤፕሪል 2017 በመጨረሻው ጨዋታው በመለያ ምት አንድ አግብቶ ጫማውን ሰቀለ። ተራቫይነን በካሮላይና ታላቅ ተጫዋች ሆነ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ቺካጎ ራሱ በዓመት 5.4 ሚሊዮን ዶላር መልሶ ቀጠረው።

እንግዲህ ቺካጎ የተጎዳው ለኮከቦቹ ብዙ በመክፈሉ ነው የሚለውን ሐሳብ በሙሉ አንቀበለውም። ለኮከብ የተከፈለ ብዙ ገንዘብ ያጎብጣል፤ ቡድን የሚሰብረው ግን በአንድ ጥሩ ወር ምክንያት ለመካከለኛው ተጫዋች የሚሰጥ የአራትና የአምስት ዓመት ውል ነው። ዋንጫ በያዙ ማግሥት ሒሳብ መሥራት ከባድ ነገር ነው።

ሕግ ባለበት ብልጠት መኖሩ አይቀርም። በጣሪያው ላይ የሚቈጠረው በየዓመቱ የተከፈለው ገንዘብ ሳይሆን የጠቅላላው ውል አማካይ ነው። ይህን ያስተዋለው የኒው ጀርሲ ቡድን በ2010 ለሩስያዊው ኢልያ ኮቫልቹክ የ17 ዓመት፣ የ102 ሚሊዮን ዶላር ውል አዘጋጀ። ውሉ ሲያልቅ ሰውየው 44 ዓመት ይሆነዋል፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት የሚከፈለውም በዓመት 550 ሺሕ ብቻ ነው። የጭራው ዓመታት አማካዩን ዝቅ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥቅም እንደሌላቸው ያልገባው አልነበረም። የግልግል ዳኛው ሪቻርድ ብሎክ ውሉን ሻረው፤ ቡድኑም ተቀጣ። በምትኩ የ15 ዓመትና የ100 ሚሊዮን ውል ጸደቀ፤ ኮቫልቹክ ግን በ2013 ከሊጉ ተሰናብቶ አገሩ ገባ፤ የቀረው 12 ዓመትና 77 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የውል ዕድሜ ለራስ ተጫዋች በ8 ዓመት፣ ከውጭ ለሚመጣ በ7 ተወሰነ። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በሚጸናው አዲስ ስምምነት ደግሞ 7 እና 6 ሆኗል።

የታምፓ ቤይ ነገር ሌላ ነው። የቡድኑ ኮከብ ኒኪታ ኩቼሮቭ የዳሌ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በ2020–21 መደበኛውን ውድድር አንድም ቀን ሳይጫወት ሲቀር፣ በሕጉ መሠረት ቡድኑ በእሱ ልክ ከጣሪያው እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ጣሪያው በማጣሪያው ጊዜ አይሠራም ነበርና፣ በማጣሪያው የመጀመሪያ ቀን ኩቼሮቭ ድኖ ብቅ አለ፤ በ32 ነጥብ ከሁሉም በልጦ ዋንጫው ተወሰደ። ቡድኑ ጣሪያውን 18 ሚሊዮን ዶላር ያህል አልፎ ነበር። ሕግ አልጣሱም፤ ሰውየውም በእርግጥ ታሞ ነበር። የሆነው ሆኖ ከ2025–26 ጀምሮ በማጣሪያም ጊዜ ጣሪያ እንዲኖር ተደርጓል።

የቶሮንቶን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ የጉዳዩ እኩሌታ ይቀራል። ይህ ቡድን ከ2018 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ጆን ታቫሬስን በ11 ሚሊዮን፣ ኦስተን ማቲውስን በ11.6፣ ሚች ማርነርን በ10.9፣ ዊልያም ኒላንደርን ወደ 7 ሚሊዮን በሚጠጋ ደመወዝ አሰረ። አራቱ በድምሩ 40 ሚሊዮን ተኩል ያህል፣ ማለት ከ81.5 ሚሊዮኑ ጣሪያ እኩሌታውን ወሰዱ። እንደ ቺካጎ ሁሉ ቶሮንቶም ጣሪያው ያድጋል ብሎ ነበር። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጨዋታውን አቋረጠ፤ ጣሪያውም ለሦስት የውድድር ዘመን ከዚያው ከ81.5 ሚሊዮን ሳይንቀሳቀስ ቆየ። በ2021 ታታሪው ዛክ ሃይማን የሚከፈለው ጠፍቶ ወደ ኤድመንተን ሄደ፤ እዚያም በ2023–24 54 ጎል አገባ። አራቱ ኮከቦች አብረው እስከ 2025 ሲጫወቱ ያሸነፉት የማጣሪያ ዙር ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ ማርነር ወደ ላስ ቬጋስ ተሻገረ። ቶሮንቶ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሣው በ1967 ነበር።

የውል ክብደት የሚለካው በዶላሩ ብዛት አይደለም። የሚኒሶታው ኪሪል ካፕሪዞቭ በሴፕቴምበር 2025 በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ብዙ ሰው ጉድ አለ። ውሉ በሚጀምርበት በ2026–27 ጣሪያው 104 ሚሊዮን ይሆናል ተብሎ አስቀድሞ ስለ ተተመነ ድርሻው ከመቶ 16 እጅ ከጥቂት ነው። አሌክሳንደር ኦቬችኪን በ2008 የፈረመው 9.5 ሚሊዮን ግን በ56.7 ሚሊዮን ጣሪያ ሥር ከመቶ ወደ 17 እጅ ይጠጋ ነበር። ይህም ሆኖ ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው ሲባል በሙሉ እውነት አይደለም፤ የፍሎሪዳ ግዛት የራሱ የገቢ ግብር የለውምና፣ በዚያ የሚጫወት ሰው በካናዳ ከሚጫወተው ያነሰ ፈርሞ እኩል ሊደርሰው ይችላል።

ኮከብ ራሱ ፈቅዶ ሲተውስ? ሲድኒ ክሮስቢ ኦገስት 7 ቀን 1987 ተወልዶ፣ 87 ቍጥር ለብሶ፣ ከ2008 ጀምሮ በዓመት ከ8.7 ሚሊዮን ዶላር ሳያልፍ ቆይቷል፤ በ2024 ለሁለት ዓመት ሲያድስም ያንኑ ጻፈ። ኮነር ማክዴቪድ ደግሞ በ2017 በ12.5 ሚሊዮን የፈረመውን በኦክቶበር 2025 ለተጨማሪ ሁለት ዓመት በዚያው ዋጋ አደሰው፤ ጓደኛው ሊዮን ድራይዛይትል በዓመት 14 ሚሊዮን እየወሰደ ማለት ነው። የተጫዋቾች ማኅበር ሰዎች እንዲህ ያለው ልግስና የሌሎችን ዋጋ ያወርዳል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የተጫዋቾቹ ድርሻ እኩሌታ ሆኖ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ እሱ የተወው ገንዘብ የሚያልፈው ወደ ሌላ ተጫዋች ነው። የማክዴቪድ ቡድን ኤድመንተን በ2024 እና በ2025 ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በፍሎሪዳ ተሸንፏል። በ2024 በጋ ደግሞ ሴንት ሉዊስ ያልማርሶን ላይ በተሞከረው በዚያው ዘዴ ፊሊፕ ብሮበርግንና ዲላን ሆሎዌይን አንድ ላይ ወስዶበታል፤ ቡድኑ የሚያስተካክልበት ገንዘብ አልነበረውም። የአዲሱ ውል ሁለት ዓመት በ2028 ያበቃል፤ እስከዚያ ድረስ ማክዴቪድ የተወው ገንዘብ ለማን እንደሚከፈል የሚወስነው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው።