ውሃ እየተፋ የተቃጠለ ሞተር

ይህን የምጽፈው አሮጌ የጀልባ ሞተር ይዛችሁ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራንና ወደ ደቅ ሰው ለምታመላልሱ ነው። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዑራ ገዳምን ተሳልመው የሚመለሱ ምእመናን አሳፍሬ ከዘጌ ተነሣሁ። መንገዱን ሳናጋምስ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ዞር ብዬ ሳይ ከጀርባው የምትወጣው ቀጭን ውሃ እንደ ወትሮዋ ትፈስሳለች። «ውሃ እየተፋ ነው፤ ችግሩ ከነዳጁ ይሆናል» ብዬ ቀጠልሁ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ቀለም ሸተተን። ክዳኑን ከፍቼ እጄን ወደ ቴስታታው ሳስጠጋ፣ ገና ሳልነካው ወላፈኑ መለሰኝ። አጠፋሁት። ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል፤ የጣና ነፋስ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ መናወጥ ስትጀምር፣ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው «እመቤቴ ድረሽልን» ያሉት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ አወጣን። ሰው አልተጎዳም።

በማግስቱ ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሞተሩን ፈቱት። ከቴርሞስታቱ ሥር ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይቺ የማን ናት?» አሉኝ። አወቅኋት። ጥቅምት ላይ የውሃ ፓምፑን ጎማ ስቀይር ከአሮጌው ስድስት ክንፎች አንዱ ተቆርጦ ነበር። አዲሱን አስገባሁ፤ ውሃ ሲወጣ አየሁና ሥራው አለቀ አልሁ። የተቆረጠው ክንፍ የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም።

የውሃውን መንገድ እንከተል። ውሃው በሞተሩ እግር ላይ፣ ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ባሉት ወንፊቶች ይገባል። እግሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ ባለክንፍ ጎማውን እያሽከረከረ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው ሲሊንደሮቹንና ቴስታታውን ዞሮ፣ በቴርሞስታቱ በኩል አልፎ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከኋላ የምናያት ቀጭን ውሃ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ከመንገዱ መሐል የተቀነጠበች ናት። «ፓምፑ እየገፋ ነው» ትለናለች እንጂ «ውሃው ሁሉም ቦታ ደርሷል» አትለንም። የእኔ ስሕተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ ሞተር ሲግል ፍለጋችን በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ይሁን።

1. ወንፊቱ። ሞተሩን አጥፉ፣ እግሩን ከውሃው አንሡና እዩ። ፌስታል፣ ደንገል ወይም የእምቦጭ ሥር ታገኙ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

2. የመውጫዋ ቀዳዳ። ጭቃ ከደፈናት ሞተሩ ሳይግል ውሃ ልታቆም ትችላለች። የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ወይም ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ስደዱ። ውሃዋ ከተመለሰች ፓምፑ እየገፋ ነው።

3. ፓምፑ። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ውሃ ከሌለ እግሩን ፍቱ። ጎማውን የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን በደረቅ መሬት ለአፍታ እንኳ ማስነሣት ይበላዋል። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ከደረቁ፣ ባይሰነጠቁም ሞተዋል። ጎማውን ብቻ ሳይሆን ጎማው የሚሽከረከርበትን ቤትና ከሥሩ ያለውን ሳሕን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ጎማም አይረዳችሁም።

4. ቴርሞስታቱ። በክር አንጠልጥላችሁ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ አሙቁት። በላዩ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ ካልተከፈተ ይቀየር። በዝግታ ሲሄድ የሚግል፣ ሲፈጥን ግን የሚበርድ ሞተር ካላችሁ ቴርሞስታቱንና የደከመ ፓምፕን ጠርጥሩ፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ፍጥነት ሲጨምር ሌላ ማሳለፊያ ቫልቭ ስለሚከፈት ነው። ሲፈጥን ብቻ የሚግል ከሆነ ግን ውሃው አንሶታል ማለት ነው፤ ወደ ወንፊቱና ወደ ፓምፑ ተመለሱ።

5. የሞተሩ ከፍታ። ከፍ ብሎ ከታሰረ በማዕበል ጊዜ ወንፊቱ ከውሃ እየወጣ አየር ይስባል። መንገደኛ ሁሉ ወደ ፊት ሲሰበሰብም እንዲሁ ይሆናል።

ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ እግሩ ብቻ ከኋላ ለወጣላችሁ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ፓምፑ በአንዳንዱ እግሩ ውስጥ፣ በሌላው ከሞተሩ ፊት ነው። እግሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይላላጣል፤ በመሳብ ጊዜም ይጣበቃል። የጭስ ማውጫው ክርንም በዝገት ይጠብባል። ቴስታታ ከመፍታታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ ይብረድ። ሁለተኛ፣ «ይቀዝቅዝልኝ» ብላችሁ ቴርሞስታቱን ነቅላችሁ አትጣሉ። ከሚገባው በላይ የቀዘቀዘ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሽታውም ሳይነካ ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን ስለ ሐይቃችን። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የደጋውን አፈር ተሸክመው ጣና ይገባሉ። ያ ደለል በፓምፑ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ወንፊታችንን ሲደፍን ኖሯል። በዚያ ላይ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ በደንብ በማይዘዋወርበት የሞተር ክፍል ያለው ውሃ ቶሎ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አይሸከምም። አየሩም ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ እኛም ጋዙን አብዝተን እንከፍትለታለን።

አንዳንድ መመሪያ ፓምፑ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ይታይ ይላል። በቀን 5 ሰዓት የምንሠራ ሰዎች 100 ሰዓቱን በ20 ቀን እንጨርሰዋለን። ውሃው በሚደፈርስበት በክረምት ከዚያም ቀድመን ማየት ይገባናል። ለአንድ ጎማ የምታወጡት ገንዘብ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ከምናሳፍረው ሰው ጋር ጨርሶ አይተያይም።

እኔ አሁን ከመቀመጫዬ ሥር በትንሽ ከረጢት መለዋወጫ ጎማ፣ ቀጭን ሽቦና ካቻቪቴ ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ የሰጡኝን ያቺን ቁራጭም እዚያው አኑሬያታለሁ። እናንተም ጎማ ስትቀይሩ አሮጌውን ወዲያው አትጣሉት። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ክንፎቹን ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ፣ እስክታገኙት ድረስ ሰው አታሳፍሩ።